ሀዋሳ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ ስለ ዳታ ሎገር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳታ ሎገር ያለ ኮምፒውተር፣ በራሱ ባትሪ፣ የሴንሰርን (ለምሳሌ ሙቀት የሚለካውን ክፍል) ንባብ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ዓሣ ወይም መድኃኒት በፍሪጅ ለሚያስቀምጥ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመለስ እኛ ተኝተን እሱ መዝግቦ ያድራል። የሚያሳስበኝ ግን ሴንሰሩ ሳይፈተሽ መዝገቡ መታመኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«በፈላ ውሃ ፈተሽኩት፤ 94 አለኝ፤ ሴንሰሩ ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ሀዋሳ ከዚያ በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቅ 6 ዲግሪ የጨመረበት ሰው ጤነኛውን ሴንሰር አሳሳተው። ከዚያ ወዲያ 5 ዲግሪ ላይ ያለ ፍሪጅ 11 ተብሎ ይመዘገባል። ክትባት ደግሞ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ደህናው ክትባት ተበላሸ ተብሎ ሊጣል ነው ማለት ነው።

ለፍሪጅ ሴንሰር እኔ በረዶ ነው የምመርጠው። የሚቀልጥ በረዶ 0 ዲግሪ ነው፤ ከፍታም ይህን ያህል አይለውጠውም። ከንጹህ ውሃ የተሠራ በረዶ ውቀጡ፤ ፔርሙዝ ሙሉበት፤ ክፍተቱን በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ሙሉት። ጨው እንዳይነካው፤ ጨው ያለበት በረዶ ከ0 በታች ይወርዳል። ሴንሰሩ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ በቀጭን ፌስታል ጠቅልሉት። መሃል ላይ ይንጠልጠል እንጂ ታቹን አይንካ። እያማሰላችሁ ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። 0.4 ላይ ከቆመ ሴንሰራችሁ እዚያ ነጥብ ላይ 0.4 ይጨምራል ማለት ነው። ሎገሩ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት።

«ከነጥብ በኋላ ብዙ ቁጥር ካሳየ ትክክለኛ ነው።»

ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የታወቀ ሴንሰር እንውሰድ። በ0.0625 ዲግሪ ልዩነት ማንበብ ይችላል። አምራቹ ቃል የሚገባው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ስሕተቱ ከ0.5 እንደማይበልጥ ብቻ ነው። ደቃቅ ቁጥር ሌላ፣ ልክ ቁጥር ሌላ። ይኸው ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ ከተነበበ 85 ይላል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ድንገት 85 ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ገመዱንና ባትሪውን እዩ።

«ቶሎ ቶሎ ቢመዘግብ ይሻላል።»

16,000 ንባብ የሚይዝ ሎገር በየሰከንዱ ከመዘገበ ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ይሞላል። በየ5 ደቂቃው ከሆነ 55 ቀን ይሄዳል። ሲሞላ ይቆም ወይስ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥል፣ መጀመሪያ ምረጡ።

«ሰዓቱን ራሱ ያውቃል።»

ብዙዎቹ ሰዓቱን የሚወስዱት ሲያስጀምሯቸው ከላፕቶፑ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ፍሪጅ ስፈትሽ ደብተሬ ላይ «9 ሰዓት፣ መብራት ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉን ከፍቼ 9:00 ላይ ብፈልግ ሙቀቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ምንም አልጨመረም። ሴንሰሩ ሞቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ለካስ የእኛ የከሰዓት 9 በሎገሩ 15:00 ነው፤ ጭማሪውም እዚያው ቁጭ ብሏል። አሁን ደብተሬ ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ቀኑንም እንዲሁ፤ ሎገሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ ቀረች። «እንደገና ባስነሳው የድሮው አይጠፋም» የሚሉ አሉ። ብዙ ሎገሮች አዲስ ምዝገባ ሲጀምሩ አሮጌውን ያጠፋሉ። መጀመሪያ ፋይሉን አውርዱ፤ ከፍታችሁም እዩት፤ ከዚያ አስጀምሩ።