ፊንገርድ ኦን ቤዝ ምንድን ነው?

አሬንጀር ኪቦርድ (አጃቢውን ራሱ የሚጫወት ኪቦርድ) የነካ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ስታይል፣ ማለትም የአጃቢውን ምት፣ ትከፍታለህ፣ በግራ እጅህ ኮርድ (አብረው የሚያዙ ኖታዎች) ትይዛለህ፣ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ቤዙ ሁሉ ይከተልሃል። ግን ቤዙ ማንን ነው የሚከተለው? ጣትህን እንዳይመስልህ። የኮርዱን ስም ነው።

ሲ ሜጀርን እንውሰድ። ሲ-ኢ-ጂ ብለህ ያዘው፣ ኢ-ጂ-ሲ ብለህ ያዘው፣ ጂ-ሲ-ኢ ብለህ ያዘው፣ በተለመደው ፊንገርድ (የያዝካቸውን ኖታዎች አይቶ ኮርዱን በሚለይበት ሞድ) ኪቦርዱ ሁሉንም «ሲ» ብሎ ያነበዋል፤ ቤዙም ያቺኑ ሲን ይዞ ይሄዳል። ኦን ቤዝ የሚቀይረው ይሄን ነው። ከሁሉም በታች የያዝከው ኖታ የቤዙ ኖታ ይሆናል። ኢ-ጂ-ሲ ከያዝክ ኮርዱ ያው ሲ ነው፣ ቤዙ ግን ኢን ይመታል። ያማሃዎቹ ላይ ስሙ ፊንገርድ ኦን ቤዝ ነው፤ ኮርግ ፒኤዎቹ ላይ ቤዝ ኢንቨርዥን ይባላል። ትንንሾቹ ኪቦርዶች ላይ ላይኖር ይችላል።

ጥቅሙ የሚገባህ ስትሞክረው ነው። ሲ-ኢ-ጂ፣ ቢ-ዲ-ጂ፣ ኤ-ሲ-ኢ፣ ጂ-ሲ-ኢ፣ ኤፍ-ኤ-ሲ ብለህ በተራ ያዝ። በኦን ቤዝ ቤዙ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ እያለ እንደ ደረጃ ይወርዳል። በተራው ፊንገርድ ግን ሲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ እያለ ይዘላል። ጣቶችህ ያው፣ ኮርዶቹ ያው፣ ዘፈኑ ግን ሌላ ነው።

ለኛ ሙዚቃ ደግሞ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከነዚህ 5 ኖታዎች ሳትወጣ ሙሉ ባለ 3 ኖታ ኮርድ ልስራ ብትል የምታገኘው ሁለት ብቻ ነው፦ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ሁለቱን ብቻ እያፈራረቅክ ቤዙ ሲና ኤ ላይ ከተተከለ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ከሥሩ ያለው ነገር ይሞታል። ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች እዚያው ኮርድ ላይ ሆኖ ወደ ኢ፣ ወደ ጂ እየሄደ ነው ሕይወት የሚሰጠው፤ ኦን ቤዝ ያንን ሥራ ለግራ እጅህ ይሰጥሃል።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በል። ብዙዎቻችን ኤፍን የለመድነው እጃችን እንዳይዘል ሲ-ኤፍ-ኤ አድርገን ነው። ሞዱ ኦን ቤዝ ላይ ከሆነ ቤዙ ኤፍ ሊል ሲገባው ሲ ላይ ይቀራል። እኔ አንድ የመዝሙር ልምምድ ላይ ሞዱን ሳልመልስ ጀምሬ፣ ዘማሪዎቹ ቁልፉ የተቀየረ መስሏቸው መሃል ላይ አቆሙ። የተበላሸ ኮርድ አልነበረም፣ ቤዙ ብቻ ነበር ከቦታው የወጣው።

ስለዚህ ቀኝ እጅህን አሳርፈህ፣ ቀስ ያለ ስታይል ከፍተህ፣ ያቺን ከሲ ወደ ኤፍ የምትወርደውን መንገድ በግራህ ብቻ ደጋግማት። ጆሮህ ቤዙን ቀድሞ መጠበቅ ሲጀምር ዜማውን ትጨምራለህ።