የላባ ጥለትን በስፌት መኪና በነጻ እጅ መስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ፔዳል እየረገጡ የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች፣ በየቤቱም በስፌት መኪና የቀሚስ ጥልፍ የሚጠልፉ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ በሁለት ጨርቆች መካከል ስስ የጥጥ ንጣፍ ገብቶ በሚሰፋ የአልጋ ልብስ ላይ ጨርቁን በእጅ እየመሩ የላባ ጥለት ስለማውጣት ሲነሣ፣ ከእነዚሁ ሙያተኞች ሳይቀር «እሱ ለተሰጠው ሰው ነው» የሚል መልስ ይሰማል። ይህ አባባል ብዙ ብቁ እጆችን ከሥራው አርቋል።

«ሥዕል የማይችል ሰው ላባ አይሰፋም» የሚለው ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ጥለቱ አንድ ጠመዝማዛ ግንድና ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚወጡ የጠብታ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች ናቸው። ግንዱ አስቀድሞ ይሰፋል። ከዚያ ከታች ተጀምሮ መርፌው ከግንዱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ክብ ሠርቶ ይታጠፋል፣ ወደ ግንዱም ይመለሳል። ለቀጣዩ ቅጠል፣ አሁን በተሰፋው መስመር ላይ ተመልሶ እስከ ጫፉ አጠገብ ይሄድና አዲሱን ክብ ሠርቶ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ወደ ግንዱ ይገባል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ይህ በተሰፋው ላይ ደግሞ መስፋት ነው፤ መፍትሔውም መንገዱ እስኪለመድ ድረስ እርሳስ ሳያነሡ በወረቀት ላይ ደጋግሞ መሣል ነው። ይህም የከበደው ሰው እያንዳንዱን ቅጠል ከግንዱ አስነሥቶ ወደ ግንዱ መልሶ፣ በግንዱ ላይ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ሌላውን መጀመር ይችላል፤ በቅጠሎቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ቢቀርም ጥለቱ ያምራል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው «እያንዳንዱን ቅጠል በጠመኔ መሣል ግዴታ ነው» የሚለው ነው። ዓይን የተሣለውን መስመር ሲያሳድድ እጅ ይንቀጠቀጣል። ግንዱንና ቅጠሎቹ የሚደርሱበትን ዳር ብቻ ማመልከት ይበቃል።

«ቀስ ያለ ያምርለታል» የሚለው ምክር በሌላው ስፌት ቢሠራም እዚህ ያሳስታል። በዚህ ሥራ የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው መኪናው ሳይሆን መርፌው በሚመታበትና እጅ ጨርቁን በሚያንቀሳቅስበት ፍጥነት መካከል ያለው ግንኙነት ነው። እጅ ከመርፌው ከቀደመ ስፌቱ ይረዝማል፤ ከዘገየ ይጠጋጋል። ብዙዎች የሚመኙት ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በጣም ቀስ ሲባል ክቡ ማዕዘን ማዕዘን እያወጣ ይሰባበራል፤ መካከለኛና የማይቋረጥ ፍጥነት ግን ለስላሳ መስመር ይሰጣል። በተለይ መታጠፊያው ላይ እጅን የማፍጠን ልማድ መታረም አለበት፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ከክቡ ዳር ወጣ ወጣ ያሉ የክር ቀለበቶች የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና።

«ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መኪና ያስፈልጋል» ለሚሉ ደግሞ መልሱ በየበረንዳው አለ። ባለ ፔዳሉ አሮጌ ሲንጀር ሁለቱንም እጅ ነጻ ስለሚተውና ፍጥነቱን ለሰፊው እግር ስለሚያስገዛ ለዚህ ሥራ እጅግ ምቹ ነው። የማይመቸው በእጅ የሚዞረው ነው፤ አንድ እጅ መዘውሩን ሲይዝ ጨርቁን የሚመራ አንድ እጅ ብቻ ይቀራልና። እዚህ ጨርቁን የሚመራው እጅ ስለሆነ፣ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚገፋው የመኪናው ጥርስ ዝቅ ይደረጋል፤ ዝቅ የማይል ከሆነ የስፌት ርዝመቱን ወደ 0 ማድረግ ወይም ጥርሱን በስስ ካርቶን ሸፍኖ መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳ መተው ይቻላል። በክብ ማወጠሪያ ያለ መኪናው እግር (ጨርቁን የሚይዘው ብረት) የሚጠልፉ ሰዎች ግን እዚህ የሚዘል እግር፣ ማለትም ከመርፌው ጋር ከፍና ዝቅ የሚለውን፣ ቢያስገቡ ይመረጣል፤ ሦስቱ ድርብ በደንብ ካልተያዘ ከመርፌው ጋር ወደ ላይ እየተነሣ ስፌት ይዘላል።

ከታች ክር ሲተበተብ «መኪናው ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጠጋኝ መሮጥም የተለመደ ነው። የሚዘለው እግር ጨርቁን አጥብቆ ስለማይጫን የእግሩ ማውረጃ ሳይወርድ ይረሳል፤ ማውረጃው ካልወረደ ደግሞ የላይኛው ክር አይጠብቅም። እሱን አውርዶ፣ የታችኛውን ክር ወደ ላይ ስቦ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዞ መጀመር ችግሩን ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል።

«በመኪና የተሰፋ እውነተኛ የእጅ ሙያ አይደለም» የሚለው በዓለም ደረጃ ከተመለሰ ቆይቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፓዱካ ከተማ በተካሄደው ታላቅ የንጣፍ አልጋ ልብስ ስፌት ውድድር የአሜሪካዊቷ ካሪል ብራየር ፋለርት በመኪና የተሰፋ ሥራ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

በመጨረሻ፣ «ትንሽ የተዛባ ሁሉ መፈታት አለበት» የሚሉ ተማሪዎች ከመስፋት ይልቅ በመፍታት ይደክማሉ። የጥጥ ንጣፍ ሲታጠብ ጥቂት ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ለስላሳ ሽብሽብ ያወጣል፤ የአንዱ ቅጠል ከሌላው ማነስም በዚያ ውስጥ አይታይም። መፈታት ያለበት ከጀርባው ክሩ የላላበትና ስፌት የዘለለበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ በአጠቃቀም ይተረተራልና።