ዓምድ ወይስ ሐውልት?

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሕንፃው ቃል ሲገባ፣ አንድ ወንድማችን የሁለት ምሰሶ ወጪ እችላለሁ ብሎ ተነሣ። እልል ተባለ። እልልታው ሳያባራ «ስሜ የሚጻፈው ከፊት ነው ወይስ ከጎን?» አለ። ሌላው ደግሞ «የእኔ ከእሱ በታች ከሆነ ይቅርብኝ» ብሎ ቁጭ አለ። ያን ዕለት አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት።

በዕብራይስጡ ብሉይ ለምሰሶ ሁለት ቃል እናገኛለን። አንዱ ማጼባ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሐውልት ይለዋል። ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነው፤ የተሸከመው ነገር የለም። ያዕቆብ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ አቁሞ ዘይት አፈሰሰበት (ዘፍ. 28፥18)፤ ቦታውንም ቤቴል፣ የእግዚአብሔር ቤት፣ አለው እንጂ በራሱ ስም አልጠራውም። አቤሴሎም ግን ስሜን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በቁሙ ለራሱ ሐውልት አቆመ (2ሳሙ. 18፥18)። የተቀበረው የት ነው? ጫካ ውስጥ፣ ጉድጓድ ተጥሎ፣ የድንጋይ ክምር ተከምሮበት!

ሁለተኛው ዓሙድ ነው፤ የእኛው የግእዙ ዓምድ። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር የምንለው እኮ ሃይማኖታችን የቆመባቸው ስለሆኑ ነው። ሶምሶን በጋዛ የያዛቸውም ዓሙድ ነበሩ፤ እነርሱ ሲናጉ ቤቱ ተደረመሰ። ሰሎሞን 18፣ 18 ክንድ የሚረዝሙ ሁለት የናስ ዓምዶች ሲያቆም በዕብራይስጡ ያኪንና ቦዔዝ አላቸው፤ «ያጸናል»፣ «በእርሱ ኃይል አለ» እንደ ማለት ነው። ያሠራው ንጉሥ ስሙን አላኖረባቸውም፤ ናሱን የሠራው የጢሮሱ ኪራምም እንዲሁ።

ስም የሚጻፍበት ዓምድስ የለም? አለ እንጂ! ጌታ ለፊላደልፍያ ቤተ ክርስቲያን «ድል የነሣው በአምላኬ መቅደስ ዓምድ እንዲሆን አደርገዋለሁ» ብሏል (ራእ. 3፥12)። የሚጻፍበት ግን የአምላኩ ስም፣ የአምላኩ ከተማ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ስም፣ የጌታም አዲሱ ስም ነው። እስቲ ደግማችሁ አንብቡት፤ የለጋሹን ስም ካገኛችሁበት ንገሩኝ።

ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝ። መስጠታችሁን አልነቀፍኩም።

በአሮጌው ቤተ ክርስቲያናችን የእንጨቱን ምሰሶ ተደግፈው የሚያስቀድሱ አንዲት እናት አሉ። ትከሻቸው የሚያርፍበት ቦታ ወዝቶ ጠቁሯል። ማን እንዳሠራው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ማንም ይሁን፣ ነፍሱን ይማረው» አሉኝ።