ኢቲዮሌሽን ምንድን ነው? የመስኮት ዳር ችግኝ ለምን ቀጥኖ ይረዝማል?

በብርድ ወራት ቤት ውስጥ የአበባ ዘር የዘራ ሰው ይህን ሳያየው አይቀርም። ዘሩ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል፤ የቤት ሰው ሁሉ ተጠርቶ ያየዋል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ግን አገዳው ሽቅብ ይመዘዛል፣ ይቀጥናል፣ ይገረጣል፣ ወደ መስኮቱም ይጎብጣል። ትንሽ ቆይቶ የገዛ ቅጠሎቹን መሸከም አቅቶት አፈሩ ላይ ይጋደማል። ባለቤቱ ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል፤ ማዳበሪያ ይጨምርለታል፤ ብርድ እንዳይመታው ወደ ማሞቂያው ያስጠጋዋል። ሦስቱም ነገሩን ያባብሱታል። ችግኙ ያጣው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ሲያጣ የሚያሳየው ጠባይ ደግሞ በዕፅዋት ሳይንስ ኢቲዮሌሽን ይባላል።

ኢቲዮሌሽን ማለት ተክል በጨለማ ወይም በደካማ ብርሃን ሲያድግ የሚከተለው የአስተዳደግ መንገድ ነው። አገዳው ይረዝማል፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ቅጠሎቹ ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ፤ አረንጓዴው ቀለም ይሸሽና ተክሉ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጭ ይሄዳል። ላየው ሰው በሽታ ይመስላል እንጂ ተክሉ ከዘሩ ይዞት የመጣ አካሄድ ነው።

የዚህን ጥቅም ለማየት ዘሩ ገና ከአፈር በታች ሳለ ያለበትን ሁኔታ ማሰብ ይበጃል። ዘር ለመንገዱ የሚሆን ስንቅ ቋጥሮ ነው የሚነሳው። በውስጡ ያለው ስታርች፣ ዘይትና ፕሮቲን ካለቀ ሌላ የለውም፤ የራሱን ምግብ መሥራት የሚጀምረው ብርሃን ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጨለማ ውስጥ ቅጠል ቢዘረጋ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ያለውን ሁሉ አገዳው ላይ ያውልና በተቻለው ፍጥነት ወደ ላይ ይሄዳል። ባቄላ ወይም ሱፍ ከአፈር ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ላስተዋለ፣ መጀመሪያ የሚታየው ቅጠል አይደለም። የተቆለመመ የአገዳ ጉብጠት ነው። አፈሩን የሚገፋው እሱ ነው፤ ለስላሳው የእድገት ጫፍ ከኋላ ተጎትቶ ስለሚወጣ በድንጋይና በጓል አይቆስልም። ብርሃን ሲያገኝ ጉብጠቱ ይቃናል፣ ቅጠሎቹ ይከፈታሉ፣ መለምለም ይጀምራሉ፤ የአገዳው ሩጫም ይገታል። አበባ የሚያብቡ ተክሎች ሐመልሚል (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል) ለመሥራት የመጨረሻውን እርምጃ ያለ ብርሃን መራመድ አይችሉም፤ ጨለማ ውስጥ የበቀለ ነገር የሚነጣውም ለዚህ ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ኩባያ ላይ ባቄላ ይዝራና አንዱን ብርሃን ላይ፣ አንዱን የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ። የቁም ሣጥኑ በርዝመት ያሸንፋል። ግን ሁለቱን ነቅሎ፣ አድርቆ ቢመዝናቸው፣ ጨለማ ውስጥ ያደገው ከመነሻው ዘር እንኳ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል። የረዘመው ሴሎቹ ውሃ ሞልተው ስለተለጠጡ ነው፤ ስንቁ ግን በመተንፈስ ብቻ እየተቃጠለ ነበር። የመስኮት ዳር ችግኝ ሲረዝም ደስ ሲለን የምንሳሳተው ለዚህ ነው፤ ቁመት ሁሉ እድገት አይደለም።

ተክሉ ጨለማ መሆኑን በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሃሪ ቦርትዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው የሰላጣ ዘር ይዘው አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ። እርጥብ ዘር ቀይ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ሲበራበት ይበቅላል። ወዲያው ከቀይ ወዲያ ያለው፣ ለዓይናችን በጭንቅ የሚታየው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ከተከተለው ግን መብቀሉን ይተወዋል። እያፈራረቁ ቢያበሩበት ወሳኙ የመጨረሻው ብርሃን ነው። ይህን የሚያደርገው በተክሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን እንደሆነ በ1959 ተረጋገጠ፤ ፋይቶክሮም የሚባለው እሱ ነው። በቀይ ብርሃን ወደ ንቁ ቅርጹ ይገለበጣል፣ በጥልቅ ቀይና በጨለማ ይመለሳል። ንቁው ሲበዛ አገዳው ይታገዳል፤ ሲያንስ ይለቀቃል።

ፔቱኒያና ቤጎኒያ የተባሉትን አበቦች ሲዘሩ አፈር አታልብሱ የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ እነዚህ ጥቃቅን ዘሮች ለመብቀል ብርሃን ይሻሉ። ከአንድ ግራም ፔቱኒያ 10,000 ያህል ዘር ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ዘር ጥልቅ ቢቀበር ስንቁ መንገዱን አያደርሰውም።

ፋይቶክሮም ሌላም ጉድ ያሳየናል። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለራሱ ይጠጣና ጥልቅ ቀዩን ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ችግኝ ዙሪያው ጥልቅ ቀይ ሲበዛበት «ጎረቤት ሊሸፍነኝ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ገና ጥላ ሳያርፍበት መርዘም ይጀምራል። ትሪ ላይ ተጨናንቀው የበቀሉ ችግኞች ጥሩ መብራት ሥር ሆነው እንኳ የሚሰልሉት በዚህ ምክንያት ነው። መንቀል ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን የተጨናነቀው ካልሳሳ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ትርፉን በጣት ከመንቀል ከሥሩ በመቀስ መቁረጥ የቀሪውን ሥር አይነካም።

ወደ መስኮቱ መጉበጡስ? ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ጥናት የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ትንሽ ቆብ ሲደፉበት መጉበጡን እንደሚተው አሳይተዋል። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ፣ የሚጎብጠው ግን ከታች ያለው ክፍል ነበር፤ በመካከል የሚጓዝ መልእክት አለ ማለት ነው። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት በ1920ዎቹ ያንን መልእክተኛ ለይቶ አወጣው፤ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ኦክሲን ጥላ ወዳለው ጎን ይሰበሰባል፣ ያ ጎን ከሌላው ይልቅ ይረዝማል፣ ተክሉም ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። ችግኞቹን በየቀኑ ማዟዟር ያቃናቸዋል፤ የጎደለውን ብርሃን ግን አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚታለለው። «ቤቴ እኮ ብርሃናማ ነው» ይላል። የሰው ዓይን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ ልዩነቱን ያሳንሰዋል። ደጅ በጠራ ፀሐይ ቀትር ላይ ብርሃኑ እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይደርሳል፤ ማታ መብራት የበራበት ሳሎን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ነው። ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ሲባል ለእኛ ያው የሚመስለን ብርሃን በብዙ እጥፍ ያሽቆለቁላል። በዚያ ላይ ቀኑ ያጥራል፦ በሰሜን ንፍቀ ክበብ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት እንኳ በጭንቅ ነው። ፀሐይዋም ዝቅ ብላ፣ ደመና ለብሳ ነው የምትውለው። በብርድ ወራት መስኮት ብቻውን ዘር ለማሳደግ አይበቃም ብዬ የማምነው በዚህ ነው።

የሚበቃው መብራት ነው፤ ውድ መሆን የለበትም። ሐምራዊ ቀለም የሚረጩት ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ መብራቶች ይሠራሉ፤ ተራ ነጭ ኤልኢዲ ወይም ፍሎረሰንትም ለችግኝ ይበቃል። ከዓይነቱ ይልቅ ርቀቱ ይበልጣል። ፍሎረሰንት ከችግኙ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ኤልኢዲ እንደ ጉልበቱ ራቅ ይላል፣ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው። ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል ለዚህ ሥራ አይቆጠርም። ችግኙ ሲያድግ መብራቱ አብሮ ከፍ ይበል። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበራ፤ ሌሊት ይጥፋ። ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ሰዓት የሚሞላለት ሶኬት ከተገኘ ግልግል ነው።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ የአበባ ዘሮች ለመብቀል ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቅ ያለ አፈር ይወዳሉ። አንዴ ከበቀሉ በኋላ ግን ያው ሙቀት በደካማ ብርሃን ላይ ሲደመር አገዳውን ያስሮጠዋል፤ ምግብ የሚሠራው በብርሃኑ ልክ ሲሆን የሚረዝመው በሙቀቱ ልክ ነው። ለአብዛኞቹ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ወዳለ ቦታ ማዛወር፣ ከሥር የሚያሞቅ ምንጣፍ ካለም ማንሳት ያስፈልጋል። ባለሙያ አትክልተኞች የመስታወት ቤታቸውን ሙቀት ጎሕ ሲቀድ ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ በማድረግ ብቻ የአበባ ችግኞቻቸውን ቁመት ይቆጣጠራሉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ መዳሰሱ ነው። ደጅ ያለ ተክል ነፋስ ሲያወዛውዘው አገዳው ያጥርና ይወፍራል። ቤት ውስጥ ነፋስ የለም። በቀን ጥቂት ጊዜ የችግኞቹን ጫፍ በመዳፍ ቀስ ብሎ መዳበስ፣ ወይም ትንሽ ማራገቢያ በለሆሳስ እንዲነፍስባቸው ማድረግ ያንኑ ያስገኛል። የሚንቀሳቀሰው አየር የአፈሩን ገጽ ስለሚያደርቅ፣ ቡቃያን ከሥሩ አበስብሶ የሚጥለውንም ሻጋታ ያርቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከዘሩ ቀን ይጀምራል። ፔቱኒያ ውርጭ ከሚያልፍበት ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቀድሞ ቢዘራ ያምርበታል። ዚኒያ ግን ፈጣን ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። የናፈቀው ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ይዘራና ዚኒያው ደጅ የሚወጣበት ጊዜ ሳይደርስ ተንጠራርቶ ያልቃል። እኔ ዘግይቶ መዝራትን እመርጣለሁ፤ የዘገየ ዘር የሚረዝመውን ቀንና የሚበረታውን ብርሃን ስለሚያገኝ ይደርሳል።

የሰለለ ችግኝ ይድናል? የረዘመ አገዳ ተመልሶ አያጥርም። ብርሃን ሲያገኝ አዲሱ እድገት ብቻ ይስተካከላል። ቲማቲም ከአገዳው ላይ ሥር ስለሚያወጣ እስከ ቅጠሎቹ ድረስ ቢቀበር ይድናል፤ ማሪጎልድም በመጠኑ ይህን ይችላል። ፔቱኒያ ጥቂት እውነተኛ ቅጠሎች፣ ማለትም ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥለው የሚመጡትን፣ ካወጣ በኋላ ጫፉ ቢቆነጠር ከጎን ይበቅላል። ዚኒያ ከሆነ ግን ጊዜ ሳያጠፉ እንደገና መዝራት ይሻላል።

ይህንኑ ጠባይ ሆን ብለው የሚጠቀሙበትም አሉ። አስፓራገስ ከሚባለው አትክልት ነጩ ከአረንጓዴው ጋር ያው ተክል ነው፤ አፈር ተከምሮበት ጨለማ ውስጥ ስላደገ ነው የነጣው። በእንግሊዝ ዮርክሸር ሩባርብ የሚባለውን ተክል በብርድ ወራት ጨለማና ሞቃት ቤት ውስጥ ያሳድጉትና ብርሃን እንዳያበላሸው በሻማ ይለቅሙታል፤ አገዳው ለስላሳና ለጋ የሚሆነው በኢቲዮሌሽን ነው።

ለዓመታት ቤት ውስጥ የሚኖሩት ተክሎችም ከዚህ አያመልጡም፤ ነገሩ የሚሄድባቸው ዝግ ብሎ ስለሆነ ሳይታይ ይቆያል። ቅጠሎቹ ተደራርበው ጽጌረዳ የሚመስለው ኤቼቬሪያ ቶሎ ይናገራል፤ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ወደ ታች ይዘረጋሉ፣ ከዚያ መሃሉ ይመዘዝና በቅጠሎቹ መካከል እርቃኑን የወጣ አገዳ ይታያል። ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር ያለው ፖቶስ አዲስ ቅጠሎቹን ይበልጥ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣል፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሐረግም ይረዝማል። ሳንሲቬሪያ ደካማ ብርሃን ይችላል ሲባል ሳይሞት ይቆያል ማለት ነው፤ ይወደዋል ማለት አይደለም።

በብርድ ወራት እነዚህን ወደ መስኮቱ ማስጠጋትና ቅጠላቸው ላይ ያረፈውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ይረዳል። ውሃውን ግን መቀነስ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣውም ያንሳል፣ በሞቃቱ ወራት ልክ ከጠጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ማዳበሪያም ቀኑ እስኪረዝም ይቆይ፤ ብርሃን በሌለበት ማዳበሪያ ደካማውን እድገት ከማብዛት በቀር ፋይዳ የለውም። ብርሃን ሲመለስ ደግሞ ጨለማ የለመደ ቅጠል በቀጥታ ፀሐይ ይቃጠላልና ቀስ በቀስ ማለማመድ ያሻል። የተመዘዘው ኤቼቬሪያ ያኔ ጭንቅላቱ ከነትንሽ አገዳው ይቆረጥ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይቆይና ደረቅ አፈር ላይ ቢቀመጥ ሥር ይሰዳል። ታች የቀረው ጉቶም አይጣል፤ ከጎኑ አዳዲስ ግልገሎች ያወጣል።