በአኳሪየም ውኃ ውስጥ የሚገኝ አፈትላኪ ቮልቴጅ ምንድን ነው?

አፈትላኪ ቮልቴጅ የሚባለው ሊገኝ በማይገባው ቦታ፣ እዚህ ላይ በአኳሪየሙ ውኃና በመሬት መካከል፣ የሚለካ ቮልቴጅ ነው። ምንጩ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ብዙዎች አንዱን ከሌላው ስለማይለዩ ወይ በከንቱ ይደነግጣሉ፣ ወይ ሊደነግጡ በሚገባቸው ሰዓት ችላ ይላሉ።

የመጀመሪያው ከብልሽት አይመጣም። የውኃ ውስጥ ፓምፕ ጥቅልል ሽቦ በሚገባ የታሸገ ቢሆንም፣ የቤታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ በመሆኑ ሽፋኑ እንደ ኬፓሲተር (ያለ ቀጥታ ንክኪ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን እንደሚያሳልፍ ዕቃ) ይሠራና ጥቂት ኃይል ወደ ውኃው ያሻግራል። ዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይህን በአሥር በሚቆጠር ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ በእጃችን የሚያልፈው ከረንት ግን ከአንድ ሚሊአምፒር በታች ስለሆነ፣ ቢበዛ የተቧጨረ ጣት ላይ ይቆጠቁጣል።

አስጊው ሁለተኛው ነው፦ የማሞቂያው መስታወት ተሰንጥቆ ወይም የገመዱ ሽፋን ተልጦ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ውኃውን ሲነካ። ዓሦቹ በሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ ከረንቱ የሚወጣበት መንገድ ስለሌላቸው ተረጋግተው ሊዋኙ ይችላሉ፤ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ እጁን የሚያስገባው ሰው ግን ራሱ መንገድ ይሆናል። 30 ሚሊአምፒር አካባቢ ትንፋሽን ሊያግድ፣ ከዚያ ከፍ ሲል የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የ10 አምፒር ብሬከር (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ) ደግሞ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም።

ለሰው የተሠራው አር.ሲ.ዲ. ነው። በፌዝ የሄደውን ከረንት በኑል (በመመለሻው ሽቦ) ከተመለሰው ጋር እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፒር ሲደርስ በሰከንድ ሽራፊ ይቆርጣል፤ የመሬት መስመር በሌለበት ቤትም ይሠራል። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ ውኃውን ከመሬት የሚያገናኝ የቲታኒየም ዘንግ ያስገባሉ። ዘንጉ የመልቲሜትሩን ንባብ ወደ ዜሮ ያወርዳል፣ የተሰነጠቀውን ማሞቂያ ግን አይጠግንም፤ እንዲያውም አር.ሲ.ዲ. ከሌለ የሚያፈተልከው ከረንት ያለማቋረጥ በውኃው እንዲፈስ ያደርጋል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ግን፣ ሶኬቱ በእርግጥ ከመሬት መስመር ጋር የተገናኘ ከሆነ፣ ብልሽቱ እጅ ከመግባቱ በፊት መስመሩን ያስቆርጣል።

ውኃ ውስጥ እጅ ከማስገባት በፊት ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ሳይሆን ኑሉን የሚቆርጥ ሊሆን ስለሚችል ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ማሞቂያው ደግሞ ውኃው ከመቀነሱ 15 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይነቀል፤ የጋለ መስታወት ከውኃ ወጥቶ ቆይቶ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃልና።