ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፦ አልሚና ተቆጣጣሪ በአንድ ተፋሰስ

የመሀል አዲስ አበባ ወንዞች የእንጦጦ ልጆች ናቸው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ። ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተው፣ ከተማዋን ሰንጥቀው፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከዚያ አዋሽ። ስለዚህ መሀል ከተማ የተደፋ ነገር መሀል ከተማ አይቀርም። ታች ቄራ፣ መካኒሳና አቃቂ ላይ ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው ይህንኑ ውኃ ነው።

ከተማዋ በ1879 ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን የሳባቸው ፍልውኃም ባንተይቀጡ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ደርግ ማብቂያ ያለው ባጭሩ፦ ሰው ወንዝ ዳር ሰፈረ፣ ፋብሪካ ተተከለ፣ ራሱን የቻለ የአካባቢ ሕግ ግን አልነበረም።

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1987 ነው። ዋናዎቹ ሕጎች በ1995 ተከታትለው ወጡ። አዋጅ 295 ክልሎች የየራሳቸው የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲኖራቸው አዘዘ። 300 ብክለትን ይመለከታል። አልሚን በቀጥታ የሚነካው ግን 299 ነው፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ፕሮጀክቱ አካባቢውን እንዴት እንደሚነካ አስቀድሞ የሚጠናበት) የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። ግምገማውን የሚያሠራው አልሚው ነው፣ ወጪውም የሱ ነው። እዚህ ላይ ክርክር አይጠፋም። ራሱ በከፈለው አማካሪ የተጠና ጥናት ምን ያህል ይታመናል? አንዳንዶች ወረቀት ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ ምክንያቱም ይሁንታ ማግኘት አልሚውን በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያድነውም፤ ይሄ አዋጁ ውስጥ በግልጽ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያነበውም።

ወንዞቹ ትልቅ ዜና የሆኑት በ2011 ነው። በየካቲት ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፦ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ 29 ቢሊዮን ብር። ግንቦት ላይ ደግሞ አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተሸጠበት የ«ገበታ ለሸገር» እራት ተዘጋጀ። በ2013 ዋዜማ የሸገር ፓርክ ተከፈተ፣ እንጦጦ ፓርክ ተከተለ። ቀጥሎ የኮሪደር ልማቱ መጣና ቀበና ዳርም መልኩ ተቀየረ። በፊት አፍንጫችንን ይዘን እንሻገረው የነበረ ድልድይ ላይ ዛሬ ሰው ፎቶ ሲነሳ ሳይ ደስ ይለኛል፤ የሰፈሬ ወንዝ ስለሆነ ላዳላ እችላለሁ። ከዳርቻው የተነሱ ነዋሪዎች ጉዳይ ላይ ግን የሚባለው እንደየተናጋሪው ይለያያል። በ2017 ከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 180ን አወጣ። ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋ ግለሰብም ድርጅትም ይቀጣል።

አሁን ወደ ግንባታ ሳይቱ እንግባ። አልሚውና ተቆጣጣሪው በትክክል የሚግባቡት የመሠረቱ ጉድጓድ ክፍት እያለ ነው ባይ ነኝ። ለምድር ቤት ፓርኪንግ ሲቆፈር ከሥር ውኃ ይወጣል፣ ፓምፕ ይገባል፣ ጭቃው ውኃ ዝም ብሎ ከተለቀቀ ወንዙ ማኪያቶ ይመስላል። የሚወጣው አፈርም ሲኖትራክ ላይ ተጭኖ የት እንደሚደፋ ካልተነጋገሩበት ማታ ማታ ወንዝ ዳር ያድራል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ታች ያወርደዋል፣ ድልድይ ሥር ይከማቻል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ውኃው መጀመሪያ ለብቻ በተቆፈረ ማረጊያ ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል፣ ደለሉ ይቀራል፣ የጠራው ይለቀቃል። ተቆጣጣሪው ቁፋሮ ላይ ቢመጣ አልሚው ይሄን በአንድ ቀን ያስተካክላል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ቢመጣ ግን የሚጀመረው ደብዳቤ መጻጻፍ ነው።

ትልቁ ጣጣ የቧንቧ ነው። የዝናብ መውረጃና የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ቀጥታ ወንዝ ይገባል፣ ሁለተኛው ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፣ ለምሳሌ ቃሊቲ። አንዱን ካንዱ ማሳሳት ቀላል ነው፣ አውቆ ማሳሳትም እንዲሁ። ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥር ላይ፣ ዝናብ ጠብ ሳይል፣ የዝናብ ቱቦ ውኃ የሚያፈስ ከሆነ ያ ዝናብ አይደለም።

እኛ ሰፈር አንድ አዲስ ሕንፃ እንዲህ ተገኘ። ቱቦው አፍ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። ባለቤቱ «ኮንትራክተሩ ነው» አለ፣ ኮንትራክተሩ «ፎርማኑ ነው» አለ፣ ፎርማኑ ሌላ ሳይት ሄዷል። ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመጣችው ባለሙያ ግን ጭቅጭቁ ውስጥ አልገባችም። ፕላኑን አስወጣችና ከባለቤቱ መሐንዲስ ጋር ማንሆሉን አስከፍተው አብረው ተመለከቱ። ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ ተቆፍሮ ቧንቧው ወደ ትክክለኛው መስመር ዞረ። አስፋልቱ የተጠገነበት ቦታ እስካሁን መኪና ሲያልፍበት ይጎረብጣል።