«በዛሬዋ ዕለት» ምንድን ነው?

«በዛሬዋ ዕለት» በሚል ርዕስ ከሚደረደሩት የታሪክ ዝርዝሮች በአንዱ ላይ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ሼክስፒርና ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ የሚለውን ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616፣ ተቃጥረው የተለዩ ይመስል! (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በየዓመቱ ይጻፋል፣ በየዓመቱም ስህተት ነው።

በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ቀን ከቤት ቁጥር አይለይም። 23 የሚል ሰሌዳ በዚህኛው መንገድም በዚያኛውም ይለጠፋል፤ በሁለቱ ቤቶች የሚኖሩት ግን ጎረቤታሞች አይደሉም። በ1616 እንግሊዝና ስፔን ሁለት የተለያዩ መንገዶች ነበሩ። ስፔን በ1582 የጎርጎርዮስን አቆጣጠር (ዛሬ አውሮፓውያን የሚቆጥሩበትን) ስትቀበል ዐሥር ሰሌዳ ነቅላ ጣለች፤ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው በር 15 ሆነ። የፈረሰ ቤት የለም፣ የተነሣው ቁጥር ብቻ ነው። ስፔናዊቷ ቅድስት የአቪላዋ ተሬዛ ያረፈችው በዚያችው ሌሊት ነበር፤ በማግስቱ ስትቀበር ቀኑ ኦክቶበር 15 ተብሏል፤ በዓሏም እስከ ዛሬ በዚሁ ዕለት ይውላል። እንግሊዝ ግን እስከ 1752 በአሮጌው ሰሌዳ ቆየች። ስለዚህ የሼክስፒር በር በስፔን ቁጥር ሲነበብ ሜይ 3 ነው። በዚያ ላይ ኤፕሪል 23 ለሰርቫንቴስ በቀብር መዝገብ የሰፈረ ቀን ነው፤ የሞተው በዋዜማው እንደሆነ ነው ብዙ ተመራማሪዎች የሚናገሩት። ዩኔስኮ በ1995 ዕለቱን የመጻሕፍትና የቅጂ መብት ቀን ማድረጉ ነውር የለበትም፤ መታሰቢያ ለቁጥርም ይቆማል። «በአንድ ቀን ሞቱ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አቆጣጠሩ አንድ ሲሆንስ? ያም አያድንም። ጃፓን በሃዋይ የሚገኘውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር ፐርል ሃርበርን የደበደበችው ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው፤ በማላያ (በዛሬዋ ማሌዢያ) ኮታ ባሩ ጦሯን ያወረደችው ደግሞ ዲሴምበር 8። የቀደመው የትኛው ነው? የ8ኛው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል የቀን መለያ መስመር ያልፋል፤ መስመሩን ሲሻገሩ ቀኑ በአንድ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ በዝርዝሩ ሥር፣ ይህን ያህል ታላላቅ ነገር በአንድ ቀን የሚገጣጠመው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፣ ከበስተጀርባው አንዳች እጅ አለ ሲል ሞግቷል። ወዳጄ፣ በሮቹ 366 ብቻ ናቸው፤ እንግዶቹ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። 23 ሰዎች በአንድ ክፍል ቢሰበሰቡ፣ ቢያንስ ሁለቱ የልደት ቀናቸው አንድ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጀፈርሰን የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ 50ኛ ዓመት በተከበረበት በጁላይ 4 ቀን 1826 ሞተዋል፤ እዚህ ላይ ዕለቱም አቆጣጠሩም በእርግጥ አንድ ነው። ይደንቃል፤ ማስረጃነቱ ግን ለምንም አይደለም።

ያም ሆኖ ተሟጋቼ አንድ ግማሽ ነጥብ አለው። የጀርመኑን ኖቬምበር 9 እንይ፦ በ1918 ሪፐብሊክ ታወጀ፣ በ1923 የሂትለር የሙኒክ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፣ በ1938 የአይሁድ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ በ1989 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በእርግጥ የተያያዙ ናቸው። በ1938 የናዚ መሪዎች በዚያ ምሽት ሙኒክ ተሰብስበው የተገኙት የ1923ቱን ሙከራ ሊዘክሩ ነበር፤ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ጥቃቱን የለኮሰው ንግግር ያደረገውም እዚያው ነው። ቀኑ ራሱ ሰው ሰብስቧልና ይህ አጋጣሚ አይባልም። የ1989ኙ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። አዲሱ የምሥራቅ ጀርመን የጉዞ ደንብ የሚጀምረው በማግስቱ ነበር። ቃል አቀባዩ ጉንተር ሻቦቭስኪ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ «ከመቼ ጀምሮ?» ተብለው ሲጠየቁ ወረቀታቸውን አገላብጠው «ወዲያውኑ» አሉ፤ ሕዝቡም ወደ ግንቡ ጎረፈ። ወረቀቱን በደንብ አንብበውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚጻፈው ኖቬምበር 10 ይሆን ነበር፤ «አንዳች እጅ» ፈላጊዎቹም አንድ ምስክር ይጎድላቸው ነበር።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በጎርጎርዮስ ሲሰላ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ስለዚህም በየዓመቱ አንዱ ሌላውን «ቀኑን አሳስተሃል» ሲል ይሰማል። ያሳሳተ የለም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በመቶ የሚያልቁ ዓመታትን፣ ለ400 እኩል ካልተካፈሉ በቀር፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይነፍጋቸዋል፤ በ1900ም ነፍጓል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን አላቋረጠም፤ ልዩነቱም በአንድ ቀን ሰፋ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ሳይነካ አለፈ። 2100 አይካፈልም፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል።